የማይክሮፊልም ሳጥን ግዥ በሀዋሳ፦ የአንድ መዝገብ ክፍል ጉዳይ

በግዥ መጠየቂያው ላይ የሰፈረው አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ «የማይክሮፊልም ማስቀመጫ ካርቶን፣ አሲድ አልባ፣ ብዛት 600»። ከሦስት አቅራቢዎች ፕሮፎርማ ተሰብስቧል፣ ዝቅተኛው ዋጋ ተለይቷል፣ ናሙናም ቀርቧል፤ የቀረው የኮሚቴው ፊርማ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ስም ይቆየን። ሀዋሳ ውስጥ ከሐይቁ ብዙም የማይርቅ ሕንጻ ላይ ነው። ከሲዳሞ ክፍለ ሀገር ዘመን የተረፉ የፍርድ ቤት መዝገቦችን፣ የመሬት ግብር ደብተሮችንና የቆዩ ጋዜጦችን በማይክሮፊልም፣ ማለትም ገጾች አንሰው ፎቶ በተነሡበት የፊልም ጥቅል፣ ይዟል። እኔ የተጠራሁት ናሙናውን አይቼ «ይሆናል» ወይም «አይሆንም» እንድል ነበር።

ናሙናው ላይ ላዩን ሲያዩት ያምራል። ነጭ፣ ለስላሳ፣ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ። መጠኑም ልክ ነው፤ 100 ጫማ፣ ማለትም 30.5 ሜትር ገደማ የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም የተጠቀለለበት ሪል በጎን 10፣ በቁመት 4 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ሳጥን ይበቃዋል። አቅራቢው በዚያ ላይ የመሥሪያ ቤቱን አርማ ክዳኑ ላይ በነጻ ላትምላችሁ ብሏል።

በፒኤች (የአሲድነት መጠን) መመርመሪያ እስክሪብቶ ክዳኑ ላይ አንድ መስመር ሳብኩ። ወይን ጠጅ ሆነ፤ አሲድ የለበትም ማለት ነው። የግዥ ሠራተኛው ፊቱ ፈካ። ቀጥዬ የካርቶኑን ጠርዝ ቀደድኩና መሃሉን ገለጥኩት። ውስጡ ከአሮጌ ወረቀት የተሠራ ግራጫ ነው። እዚያ ላይ የሳብኩት መስመር ቢጫ ወጣ። ላዩን ነጭ የሚያደርገው ቅብ ካልሲየም ካርቦኔት ስላለው እስክሪብቶው ያነበበው ቅቡን እንጂ ካርቶኑን አልነበረም።

«ታዲያ አቅራቢው አታለለን ማለት ነው፣ ጋሼ?» አለኝ።

አላታለለም። «አሲድ አልባ» ተብሎ ተጠየቀ፣ ሲነካ አሲድ የማያሳይ ካርቶን አመጣ። ችግሩ ያለው መጠየቂያው ላይ ነው። ቁርጥራጩን ለአንድ የኬሚስትሪ መምህር ሰጥቼው ላብራቶሪ ውስጥ በፍሎሮግሉሲኖል አየልኝ፤ ቀይ ሆነ። ሊግኒን አለበት ማለት ነው። ሊግኒን ወረቀትን ከእንጨት ጋር የሚያዛምደው ነገር ነው፤ ጋዜጣን ፀሐይ ላይ ሲተዉት ቢጫ የሚያደርገውም እሱ ነው። ዛሬ አሲድ የሌለበት ካርቶን እንኳ ሊግኒን ካለው ውሎ አድሮ አሲድ ያወጣል፤ ከአሲዱም ሌላ ፐርኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ይተነፍሳል። ለማይክሮፊልም የሚከፋው ይኼኛው ነው።

ይህ ከግምት የመጣ ስጋት አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ በመንግሥት ማኅደሮች የተቀመጡ የማይክሮፊልም ኔጌቲቮች ላይ ቀያይና ቢጫ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ተገኙ። ሲመረመር አንዱ ምንጭ ፊልሙ የተቀመጠበት ካርቶን ራሱ ሆኖ ተገኘ። ከካርቶኑ የሚወጣው ጋዝ ምስሉ የተሠራበትን የብር ማዕድን ያሟሟዋል፤ የሟሟው ብር ትንሽ ራቅ ብሎ እንደገና ይረጋና ቀለም ያለው ነጥብ ይሆናል። ጉዳቱ የሚጀምረው አየር ቀድሞ ከሚያገኘው ከጥቅሉ የውጭ ጫፍ ነው።

ይህን ስናገር የመዝገብ ክፍሉ ኃላፊ ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆዩና ተነሥተው አንድ የጋዜጣ ጥቅል አመጡ። እትዬ እንላቸዋለን፤ ጡረታቸው ተቃርቧል፣ ማንበቢያ ማሽኑን ከእሳቸው በቀር የሚያውቀው የለም። ፊልሙን አስገብተው መብራቱን ለኮሱና የመጀመሪያዎቹን ገጾች አሳለፉ። ከዓምዶቹ መካከል፣ ፊደሉ ላይም ጭምር፣ ብርቱካንማ ነጥቦች ተዘርተዋል፤ አንዳንዱ ውስጡ ቀለበት ቀለበት አለው። ጥቂት ሜትሮች ወደ ውስጥ ሲገቡ ነጥቦቹ ሳሱና ጠፉ። «እኔ ሻጋታ ነው ብዬ ስጠርገው ነው የኖርኩት» አሉ። ሻጋታ ቢሆን ኖሮ መጥረጉ አንድ ነገር ነበር። ጥቅሉ የተቀመጠበት ሳጥን ከጊዜ ብዛት ቡናማ ሆኖ በጣት ሲጫኑት የሚሰበር ዓይነት ነው። ከዚያም በላይ የክፍሉ ግድግዳ በቅርቡ በዘይት ቀለም ታድሶ ፊልሙ ሳይወጣ እዚያው ከርሟል፤ የዘይት ቀለም ሲደርቅ የሚለቀው ጋዝም ከዚሁ ወገን ነው። ቀለም ሲቀባ ፊልም ከክፍሉ ወጥቶ ለወራት ሌላ ቦታ መቆየት አለበት። ይህን ለጥገና ክፍሉ የነገረው ሰው አልነበረም።

እንግዲህ ናሙናው ወደቀ። ግን ሌላ ሳጥን ከመጠቆሜ በፊት ካቢኔቶቹን በሙሉ እንክፈት አልኩ፤ የትኛው ሳጥን እንደሚሻል የሚወስነው ውስጡ የሚገባው ፊልም ነውና።

ሦስተኛውን ካቢኔት ስንከፍት የአቼቶ ሽታ አፍንጫችንን መታን። እትዬ አላስደነቃቸውም። «የጽዳቷ ልጅ በአቼቶ የምትወለውለው መስሎኝ ነበር፤ ሽታው ግን ለዓመታት ነው» አሉ። ሽታው የሚመጣው ከፊልሙ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እስከ 1980ዎቹ ድረስ ብዙ ማይክሮፊልም ይሠራ የነበረው ሴሉሎስ አሴቴት በሚባል ፕላስቲክ ላይ ነው። አሴቴት ሙቀትና እርጥበት ሲያገኝ ይፈርስና አሴቲክ አሲድ ያወጣል፤ ይኸው አሲድ ደግሞ መፍረሱን ያፋጥነዋል። የተጀመረ መፍረስ ወደ ኋላ አይመለስም። አሜሪካ ሮቸስተር የሚገኘው የምስል ዘላቂነት ኢንስቲትዩት በ1993 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ መሠረት አዲስ የአሴቴት ፊልም በ21 ዲግሪ ሴንቲግሬድና በ50 ከመቶ እርጥበት ሲቀመጥ 40 ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው መሽተት የሚጀምረው። ሀዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች እንደ ቆላ ከተማ አትጋገርም፤ ክረምቱ ግን ከሐይቁ ጋር ተደምሮ ምድር ቤት ላይ ያለ ክፍልን ያረጥበዋል። አርባ ዓመቱም ለብዙዎቹ ጥቅሎች ካለፈ ቆይቷል።

ከአሴቴት በኋላ የመጣው ፖሊስተር ሌላ ነገር ነው። በአግባቡ ታጥቦ በአግባቡ ከተቀመጠ የብር ምስል ያለው የፖሊስተር ማይክሮፊልም 500 ዓመት ይቆያል ተብሎ ይገመታል። ስለዚህ መለየት ያስፈልጋል። መለያው ቀላል ነው፤ ጥቅሉን በጎኑ ወደ መስኮት ብርሃን አዙሮ ማየት። ፖሊስተር በንብርብሩ ውስጥ ብርሃን ያሳልፋል፤ አሴቴት ድፍን ጥቁር ሆኖ ይቀራል። አጠራጣሪ ከሆነ ከጫፉ ባዶ ቁራጭ ላይ መቅደድ ይቻላል፤ አሴቴት ይቀደዳል፣ ፖሊስተር እጅ ይቆርጣል እንጂ አይቀደድም። «ሴፍቲ» የሚል ጽሑፍ ጠርዙ ላይ መኖሩ ብቻውን አይበቃም፤ ሁለቱም ይጽፉታል።

የሳጥኖቹ መለያ ወረቀት ይረዳናል ብለን ነበር፤ እሱ ግን ሌላ ጣጣ አመጣ። አንዱ ላይ «1974» ይላል። በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ፊልሙ ፖሊስተር የመሆን ዕድል አለው፤ በፈረንጅ ከሆነ በንጉሡ ዘመን መጨረሻ የተነሣ ነው፣ አሴቴት ሳይሆን አይቀርም። ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ብሎ የጻፈ የለም። እትዬ አንዳንዱን ከእጅ ጽሑፉ ለዩት፤ «ይህች የእገሌ እጅ ናት፣ እሱ ሁልጊዜ በፈረንጅ ነበር የሚጽፈው» እያሉ። የቀረውን መስኮቱ ለየልን።

ልየታው ሲያልቅ አንድ ስብስብ መስሎ የነበረው ሦስት ሆኖ ወጣ። ከግማሽ የሚያንሰው የብር ምስል ያለው ፖሊስተር ነው፤ ዋናው ሀብት ይኼ ነው። ሲሶ የሚሆነው አሴቴት ነው፣ የተወሰነው የሚሸት፣ የተወሰነው ገና ያልጀመረው። የተረፈው ለአንባቢ የተዘጋጀ የዲያዞና የቬሲኩላር ቅጂ ነው፤ ሁለቱም ምስላቸው ብር የሌለበት የቅጂ ፊልም ናቸው። ዲያዞ ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ ይመስላል፤ ቬሲኩላር ግራጫማ ሆኖ ምስሉ በጣት ሲዳሰስ ትንሽ ከፍ ይላል። የቀድሞዎቹ ቬሲኩላር ፊልሞች ሃይድሮጂን ክሎራይድ የሚለቁ ነበሩ፤ ሳጥን የሚያደርቁና ብረት የሚያዝጉ። ይህ ቅጂ ከብር ፊልሙ ጋር አንድ መሳቢያ ውስጥ ነበር የተኛው። በዚያ ላይ ግማሹ ጥቅል በላስቲክ ታስሯል፤ ላስቲክ ድኝ አለው፣ ድኝ ደግሞ ብርን ያጠቁራል። ላስቲኩ ቀልጦ ፊልሙ ላይ የተጣበቀበትም ነበር። እሱን ማላቀቅ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም፤ ብቻ ማንም በጥፍሩ እንዳይሞክረው።

ከዚህ በኋላ ነው የሳጥኑ ጥያቄ ትርጉም ያገኘው። ግዥ ክፍሉ አንድ ዕቃ በአንድ ዋጋ ሊገዛ ነበር፤ የሚያስፈልገው ግን ሦስት ዓይነት ውሳኔ ነው፣ ከእነሱም አንዱ ጨርሶ ሳጥን መግዛት አይደለም።

ለፖሊስተሩ አቋሜ ጥብቅ ነበር። ካርቶኑ ከአሲድም ከሊግኒንም ነጻ ይሁን፤ ፒኤቹ ከ7 እስከ 9.5፣ 2 ከመቶ ያህል የካልሲየም ካርቦኔት ክምችት ያለው። ከሁሉም በላይ ግን የፎቶግራፍ ተጽዕኖ ምርመራ ያለፈ ይሁን። ይህ ምርመራ በዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት (አይኤስኦ) ቁጥሩ አይኤስኦ 18916 ነው። የሳጥኑ ቁራጭ በቀላሉ ከሚጎዱ የብር መመርመሪያ ፊልሞች ጋር ተጣብቆ በ70 ዲግሪና በ86 ከመቶ እርጥበት ለ15 ቀን ይቀመጣል፤ ፊልሙን ካደበዘዘ፣ ካጠቆረ ወይም ካቆሸሸ ወደቀ። ጥቅሙ ካርቶኑን ብቻ አለመመዘኑ ነው፤ ሙጫው፣ ቀለሙ፣ የመለያው ማጣበቂያ ሁሉ ይገባበታል። የአርማው ነገርም እዚህ ላይ ተዘጋ። በነጻ የሚታተም ቀለም ማንም ያልመረመረው ቀለም ነው።

የግዥ ሠራተኛው ጥያቄ ግን ውሃ የሚያነሳ ነበር። «ጋሼ፣ የአንድ ፋብሪካ ስም ስፔሲፊኬሽን ላይ ብጽፍ ኦዲት ያፈርሰኛል። ስም ካልጻፍኩ ደግሞ ዝቅተኛው ዋጋ እንደገና ያን ግራጫ ካርቶን ያመጣልኛል። ምን ላድርግ?»

ብዙ ባለሙያ እዚህ ላይ ግዥን ይራገምና ይሄዳል። ልጁ ግን ትክክል ነው። የዝቅተኛ ዋጋ ሕግ ፊልሙን የጎዳው መጠየቂያው ላይ ጥራቱ ስላልተጻፈ ነው። የደረጃ ቁጥር የማንም ፋብሪካ ስም አይደለም፤ አይኤስኦ 18902 ለማሸጊያው፣ አይኤስኦ 18916 ለምርመራው ተብሎ ሲጻፍ ማንም አቅራቢ ሊወዳደር ይችላል፣ ያልተመረመረ ካርቶን ግን ዋጋው ሳይከፈት ይወድቃል። አብረን የጻፍነው እንዲህ የሚል ነበር፦ ሰርተፊኬቱ ለዚሁ ምርት የተሰጠ ይሁን፤ «ተመሳሳይ ምርታችን አልፏል» አይሠራም። ሳጥኑ በስቴፕለር የተመታ አይሁን፣ ይዝጋል። ተጣጥፎ በጠፍጣፋው ይምጣ፣ እዚህ ይገጣጠማል። ቀለምም ሆነ ጽሑፍ አይኑርበት። ከእያንዳንዱ ሳጥን ጋር ለላስቲኩ ምትክ የሚሆን ከዚሁ ወረቀት የተሠራ ክርና ቁልፍ ያለው ማሰሪያ ይቅረብ። ናሙና ተቀድዶ መሃሉ ይታያል። የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር የጨመራት እሱ ራሱ ነው።

ተጣጥፎ ይምጣ ያልነው ለማማር አይደለም። ተገጣጥሞ የሚመጣ ሳጥን የሚጓዘው አየር ነው፤ የሚከፈለው ደግሞ በዶላር። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የምንዛሪ ዋጋ በገበያ ሲወሰን ከውጭ የሚመጣው ሁሉ በብር ሲሰላ ስለናረ፣ መጀመሪያ የመጣው ዋጋ ሲታይ ኮሚቴው ክው አለ። ነገሩን ያዳነው ልየታው ነው። 600 ውድ ሳጥን አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ከግማሹ ያነሰ ነው። በጀቱ ሳይጨመር ተብቃቃ።

በፕላስቲክ ይሁን ያሉም ነበሩ፤ ሻጋታና ምስጥ የማይበላው፣ ውሃ የማያስገባ። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ፖሊፕሮፒሊንና ፖሊኤቲሊን ለፊልም ይሆናሉ። ፒቪሲ ግን በፍጹም፤ ሲያረጅ ክሎሪን ያለበት አሲድ ይለቃል። ገበያ ላይ ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ምን እንደሆነ ሻጩም አያውቀው፣ ስለዚህ ምልክት የሌለበትን አልቀበልም አልኩ። ለፖሊስተሩ ካርቶን ያስመረጠኝ የሀዋሳ ክረምት ነው። ጥሩ ካርቶን ይተነፍሳል፤ እርጥበቱ ሲወጣና ሲወርድ ያለዝበዋል። ግጥም ብሎ የሚዘጋ ፕላስቲክ ውስጥ በነሐሴ የታሸገ ፊልም ግን ነሐሴን ይዞ ይታሸጋል፣ ምስሉን የያዘው ጄላቲን ደግሞ ለሻጋታ ምግብ ነው። ለዲያዞና ለቬሲኩላሩ ቅጂ ግን ተራ የፖሊፕሮፒሊን ሳጥን ወሰንን፣ ሌላ ካቢኔት፣ ሌላ ክፍል። የአንባቢ ቅጂ ነው፤ ቢጎዳ እንደገና ይቀዳል።

አከራካሪው አሴቴቱ ነበር። አንድ የኮሚቴ አባል «የሚሸተውን በጥብቅ በሚዘጋ ቆርቆሮ እናሽገው፣ ሽታው ወደ ሌላው እንዳይሄድ» አሉ። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይህ ነው። በክፍል ሙቀት ላይ የታሸገ አሴቴት በራሱ አሲድ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ ያ አሲድ ደግሞ ማፋጠኛው ነው። አየር ይግባው፣ ግን ከሌላው ይለይ፤ ስለዚህ ወደ ፎቁ ኮሪደር ጫፍ ላለች መስኮቷ ለሚከፈት ትንሽ ክፍል ተዛወረ። ሁሉም እኩል ስላልታመመ ቀለም በሚቀይሩ የመመርመሪያ ወረቀቶች ደረጃ አወጣንለት። ወረቀቱ ሰማያዊ ነው፤ ሳጥኑ ውስጥ ከፊልሙ ጋር ተዘግቶ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ይቆያል፣ አሲዱ እንደ በዛው መጠን ወደ አረንጓዴ ከዚያም ወደ ቢጫ ይሄዳል። ቢጫ ያወጣው ለመቀዳት ቅድሚያ ያገኛል። ሰማያዊ የቀረው ይጠብቃል።

ለእነዚህ ውድ ሳጥን አልገዛንም። ለሚፈርስ ፊልም ገንዘቡ መሄድ ያለበት ወደ ቅዝቃዜና ወደ ቅጂ ነው። «ታዲያ ስካን አድርገን ለምን አንጥለውም?» የሚል ጥያቄ እዚህ ላይ መምጣቱ አይቀርም፣ መጣም። ስካን ይደረግ፣ አዎ። መጣሉ ላይ ግን አልስማማም። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢትዮጵያ የብራና ማይክሮፊልም ፕሮጀክት 9,000 ያህል ብራናዎች በየገዳሙና በየደብሩ ተነሥተዋል። የግዕዝ ሊቁ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዓመታት የፈጀ ካታሎግ ያዘጋጁት ከዚያ ፊልም ነው። ያ ፊልም ዛሬም በአጉሊ መነጽርና በመብራት ይነበባል። የሃርድ ዲስክ ዕድሜ ስንት እንደሆነ ግን ኮምፒውተሩ የተበላሸበት ሁሉ ያውቃል።

ቅዝቃዜው በፍሪዘር ነው የታሰበው፤ ሐይቁ ዳር ያሉት የአሞራ ገደል ዓሣ ነጋዴዎች የሚጠቀሙበት ዓይነት አግዳሚ ፍሪዘር። እዚህ ላይ የሳጥኑ ሕግ ይገለበጣል። ክፍል ውስጥ አየር ይግባው ያልነው ፊልም ፍሪዘር ሲገባ በተቃራኒው ይታሸጋል፦ ሳጥኑ በሁለት ወፍራም የፖሊኤቲሊን ከረጢት ውስጥ፣ የእርጥበት አመልካች ካርድ በሁለቱ መካከል፣ አየሩ ተገፍቶ ወጥቶ። ቅዝቃዜው መፍረሱን ስለሚያዘገየው የታፈነው አሲድ ጉዳት ይቀንሳል፤ ዋናው ጠላት ጤዛ ይሆናል። ሲወጣም ከረጢቱ ሳይከፈት ክፍሉን እስኪመስል ያድራል። መብራት ሲሄድ ፍሪዘሩን አለመክፈት ነው፤ ተዘግቶ ከቆየ ቅዝቃዜውን ይይዛል፣ ከረጢቱ ጤናማ ከሆነ ደግሞ ፊልሙ ጋ የሚደርስ ውሃ የለም።

ማሸጉ ለጥር ተቀጠረ፣ አየሩ ደረቅ በሆነበት ወቅት። እትዬ ጥቅሎቹን በንጹሕ የጥጥ ጓንት እያወጡ የዛጉትን ሪሎች በፕላስቲክ ሪል ለወጡ፤ ረዳታቸው መለያ ይጽፋል፣ በእርሳስ፣ በሁለቱም አቆጣጠር። የድሮዎቹ ሳጥኖች ከመጣላቸው በፊት ላያቸው ላይ ያለው ጽሑፍ በሙሉ ፎቶ ተነሣ። አንዱ ሳጥን ክዳን ውስጠኛው በኩል ላይ የትኛው ደብተር ከየትኛው ገጽ እስከ የትኛው ገጽ ሳይነሣ እንደተዘለለ በእስክሪብቶ ተጽፎ ተገኝቷል፤ ይህ መረጃ ፊልሙም መዝገቡም ላይ የለም። ካቢኔቶቹ ከወለሉ ከፍ እንዲሉ ተደርጓል፣ የታችኛው መሳቢያ ባዶ ሆኗል።

ፖሊስተሩ ሳጥን ገብቷል። የአንባቢው ቅጂ ክፍሉን ቀይሯል። ፍሪዘሩ ተገዝቷል። ያልተፈታው የአሴቴቱ ቅጂ ነው፤ ቢጫ ያወጡት ጥቅሎች አዲስ አበባ ሄደው ወደ ፖሊስተር መገልበጥ አለባቸው። መንገዱ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በሚኒባስ ጣራ ላይ የሚጫን ዕቃም አይደለም። የግዥ ሠራተኛው ለቅጂው አገልግሎት ስፔሲፊኬሽን እየጻፈ ነው። ረቂቁን ልኮልኛል፤ ሦስተኛው ተራ ላይ የፊልሙ መሠረት ፖሊስተር፣ ምስሉ የብር ይሁን ይላል፣ አራተኛው ላይ ከታጠበ በኋላ የቀረ ሃይፖ (ምስል ማጽኛ ኬሚካል) ምርመራ ውጤት እንዲቀርብ። ያልጻፈው የተቀዳው ፊልም በምን ዓይነት ሳጥን ተጭኖ እንደሚመለስ ነው፤ እሱን ጨምሬ መለስኩለት።